የአንባቢያን ጥያቄ፦ የተሰረዘው የባሕር ተዋጊ ጄት ፎቶዎች የት ይገኛሉ?

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የብሪታንያን የሙከራ ጄቶች ፎቶ ስለ መፈለግ ናቸው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳውንደርስ-ሮ ኤስአር.ኤ/1 የተባለውን፣ ከውኃ ላይ የሚነሣውን ተዋጊ ጄት በ1/72 ሞዴል ልሠራው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ እነዚያው ጥቂት ፎቶዎች ብቻ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ሦስት አውሮፕላን ተሠርቶ ፎቶው እንዴት ይህን ያህል ያንሳል? ሌላ ካለ ከየት ልጀምር? (ከለንደን)

መልስ፦ ፎቶው አለ፤ ችግሩ በአውሮፕላኑ ስም አለመመዝገቡ ነው። ቤተ መዛግብት ወረቀትን የሚያስቀምጠው በሠራው መሥሪያ ቤት ስም ነው። ፎቶውም በአንድ የሙከራ ሪፖርት መጨረሻ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ካታሎጉ ላይ ግን የሪፖርቱ ቁጥርና አጭር ርእስ ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ እርስዎ መከተል ያለብዎት አውሮፕላኑ የተጓዘበትን መንገድ ነው። የት ተሠራ? ማን ፈተነው? ለሕዝብ የት ታየ? በመጨረሻ የት ቆመ? በነዚህ ቦታዎች ሁሉ ካሜራ የያዘ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ሦስቱን አውሮፕላኖች ይለዩ። የመለያ ቁጥራቸው ቲጂ263፣ ቲጂ267 እና ቲጂ271 ነው። ቲጂ263 ሐምሌ 16 ቀን 1947 በጄፍሪ ታይሰን አብራሪነት ተነሣ። ሌሎቹ ሁለቱ የበረሩት በ1948 ነው። ቲጂ271 ነሐሴ 1949 ፋብሪካው ባለበት በካውስ አጠገብ ሲያርፍ በውኃ ላይ ከሚንሳፈፍ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ፤ አብራሪው ኤሪክ ብራውን ተረፈ፣ ከውኃው ያወጣውም ታይሰን ነው። ቲጂ267 በመስከረም 1949 የባሕር አውሮፕላኖች ሙከራ ጣቢያ ባለበት በፊሊክስቶው አጠገብ ወድቆ አብራሪው ሞተ። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እነዚህ ቀኖች ለፎቶ ፈላጊ ትልቅ መሣሪያ ናቸው። በ1947 በአየር ላይ የተነሣ ፎቶ የቲጂ263 ብቻ ሊሆን ይችላል። «1950፣ ቲጂ271» የሚል መግለጫ ያለበት ፎቶ ካጋጠመዎ መግለጫው ስሕተት ነው፤ አውሮፕላኑ ያን ጊዜ ባሕር ውስጥ ነበር። ጎኑ ላይ ጂ-12-1 የሚል ምልክት ካዩ ያው ቲጂ263 ነው፤ በኮሪያ ጦርነት ሰበብ ፕሮጀክቱ ለአጭር ጊዜ ነፍስ ሲዘራ፣ በ1950 እና በ1951 የያዘው የፋብሪካ ምልክት ነውና። «ፋርንቦሮ 1947» የሚለውንም አይመኑ። የ1946ና የ1947 የአውሮፕላን ትርኢት የተካሄደው በራድሌት ነው፤ ወደ ፋርንቦሮ የተዛወረው በ1948 ሲሆን፣ ታይሰን ይህን ጄት ገልብጦ ዝቅ ብሎ ያለፈውም በዚያ ዓመት ነው። ደግሞም መንኮራኩር የሌለው አውሮፕላን ፋርንቦሮ ላይ ሊያርፍ አይችልም። መሬት ላይ በጋሪ ቆሞ ከታየ ካውስን ወይም ፊሊክስቶውን ያስቡ።

ቀጥሎ የፍለጋ ቃላትዎን ያስፉ። የዚህ አውሮፕላን ስም በየወረቀቱ ይለያያል። ኤስአር.ኤ/1 ያለ ነጥብና ያለ ሰረዝ፣ በፋብሪካው የመጀመሪያ የንድፍ ስም ኤስአር.44፣ በመንግሥት መስፈርት ኢ.6/44፣ በቅጽል ስሙ ደግሞ ስኩርት ብለው፣ ሁሉንም በላቲን ፊደል እየለዋወጡ ይጻፉ። የመለያ ቁጥሩንም በፊደሉና በአኃዙ መካከል ክፍተት አድርገውና ሳያደርጉ ሁለት ጊዜ ይሞክሩ። ብዙ ካታሎግ የሚመልሰው በትክክል የተጻፈለትን ብቻ ነው።

የድርጅቱንም ስም ዕጣ ፈንታ ይወቁ። ሳውንደርስ-ሮ በ1959 በዌስትላንድ ተገዛ። በ1966 የካውስ ሥራ ብሪቲሽ ሆቨርክራፍት ኮርፖሬሽን በሚል ስም ተደራጀ፤ በኋላ ጂኬኤን የተባለው ኩባንያ ተረከበው። በዚህ ሁሉ መተላለፍ የፋብሪካው ፎቶ አንሺ ኔጌቲቮች በተረካቢው ስም ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ። የ1948ን ጄት «ሆቨርክራፍት» በሚል ሳጥን ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ያልታየ ነገር የሚቀረው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንሂድ። እርስዎ ለንደን ስለሆኑ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርብዎ ነው። በካታሎጉ፣ በዲስከቨሪ፣ በማመሳከሪያ ሳጥኑ ውስጥ አቪያ 19 ብለው በላቲን ይጻፉ። ይህ የፊሊክስቶው የባሕር አውሮፕላኖች ሙከራ ጣቢያ ሪፖርቶች ያሉበት ክፍል ነው። የፋርንቦሮው የምርምር ጣቢያ ሪፖርቶች አቪያ 6 ውስጥ ናቸው፤ የቦስኮም ዳውን የጦር አውሮፕላኖች ሙከራ ጣቢያ አቪያ 18 ውስጥ። ለዚህ አውሮፕላን ትልቁ ተስፋ አቪያ 19 ነው። ምክንያቱም የውኃ ሙከራ ሪፖርት ፎቶ ይፈልጋል፤ መሐንዲሶቹ ሊያዩ የሚፈልጉት ቀፎው (ውኃ ላይ የሚያርፈው የአውሮፕላኑ አካል) ውኃውን ሲሰነጥቅ የሚረጨው ጠብታ ወደ አየር ማስገቢያው አፍ ይደርስ እንደሆነ ነው። የዚህ ጄት አየር ማስገቢያ ደግሞ አፍንጫው ላይ ነው። ስለዚህ ለሞዴል ሠሪ እጅግ የሚጠቅመው ቅርብ ፎቶ፣ ማለትም የቀፎው ደረጃ፣ የሚታጠፉት ተንሳፋፊዎች፣ ከክንፉ ኋላ በሁለቱ ጎን ያሉት የሞተር ጭስ መውጫዎች፣ የሚጠበቀው ከዚህ ዓይነት ሪፖርት ነው።

ለመግባት የአንባቢ መታወቂያ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ይመዝገቡ፤ ሲሄዱ ማንነትዎን የሚያሳይ አንድ ሰነድ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ ሌላ አንድ ሰነድ ዋናውን ይያዙ። ኮፒ አይቀበሉም። የሚፈልጉትን መዝገብ አስቀድመው ቢያዝዙ ሲደርሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። በራስዎ ስልክ ወይም ካሜራ ማንሣት ይፈቀዳል፣ ፍላሽ ግን ክልክል ነው።

ሲያነሡ የመጀመሪያው ፎቶ የመዝገቡ ሽፋን ይሁን፤ ቁጥሩ በግልጽ ይታይ። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ከነመግለጫውና ከነገጹ፣ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠው አንድ ጊዜ፣ ቀረብ ብለው ሁለተኛ ጊዜ ያንሡ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የጣራው መብራት ነጭ ጥፍጥፍ ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱን አይቆልምሙ፤ ራስዎ ቦታ ይቀይሩ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ አንሥተው በኋላ ያዋሕዷቸው። የስልኩ ሌንስ ከገጹ ጋር ትይዩ ካልሆነ ክንፉ ያጥራል፤ ከዚህ ፎቶ ላይ መለኪያ የሚወስድ ሰው ሞዴሉን ያጣምማል። እውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.02 ሜትር፣ ርዝመቱ 15.24 ሜትር ነው፤ በነዚህ ያመሳክሩ።

ከኪው ቀጥሎ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ሶለንት ስካይ ሙዚየም፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ይጎብኙ። ቲጂ263 እዚያ አለ። ለቅርጽና ለዝርዝር ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል፤ ለቀለም ግን አይጠቅምም፤ ሙዚየም ውስጥ የሚታየው ቀለም የበረረበት ቀለም ነው ብለው አይነሡ። አውሮፕላኑ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በክራንፊልድ ኮሌጅ ማስተማሪያ ነበር፤ ከዚያ ስታቨርተን በነበረው ስካይፌም ሙዚየም፣ ቀጥሎ በዳክስፈርድ ቆሟል። ስለዚህ ጎብኚዎች ያነሧቸው ባለቀለም ስላይዶች በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ። ሻጩ አውሮፕላኑን ላያውቀው ይችላልና በቦታዎቹ ስም ይፈልጉ።

ሌሎች ሦስት በሮችም አሉ። በፋርንቦሮ የሚገኘው የብሔራዊ ኤሮስፔስ ቤተ መጻሕፍት የፎቶ ክምችት አለው። ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ደግሞ የታወቀውን የአየር ላይ ፎቶ አንሺ የቻርልስ ብራውንን ክምችት ይዟል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እርሱም የኤሮፊልምስ የአየር ፎቶዎች ክምችት ነው። ይህ ጄት በ1951 ለብሪታንያ ፌስቲቫል በቴምዝ ወንዝ ላይ ታይቷል፤ ኤሮፊልምስ ደግሞ የፌስቲቫሉን ቦታ ከላይ ደጋግሞ አንሥቷል። «ሳውዝ ባንክ 1951» ብለው ፈልገው፣ ፎቶውን አጉልተው ወንዙን በዓይን ማሰስ ነው። ሊያገኙት የሚችሉት የጥፍር ያህል መስቀል ቢሆንም፣ የት እንደታሰረ በማያሻማ ሁኔታ ይነግርዎታል። በዚያን ጊዜ የተነሡትን የፓቴና የሙቪቶን የዜና ፊልሞችም ይዩ፤ የኢንተርኔቱ ቅጂ ለሕትመት አይበቃም፣ ጥሩ ፍሬም ካገኙ ከፊልሙ እንዲወጣልዎ ይጠይቁ።

አንድ ተጨማሪ ፍንጭ። የዚህ አውሮፕላን ሞተር ሜትሮፖሊታን-ቪከርስ ቤሪል ነበር። አንዱ ሞተር ዶናልድ ካምቤል በ1955 የውኃ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን በሰበረበት ብሉበርድ ኬ7 ጀልባ ላይ ተገጥሟል። የሞተሩን ቅርብ ፎቶ ለሚፈልግ የጀልባው ፎቶዎች ከአውሮፕላኑ ይልቅ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ወደ እንግሊዝ መሄድ አልችልም። ከዚህ ሆኜ ከነዚህ ቦታዎች ፎቶ ማግኘት ይቻላል? ለአንድ ሙዚየም ጽፌ መልስ አላገኘሁም።

መልስ፦ ይቻላል። ግን ደብዳቤው ላይ ይጠንቀቁ። «ስለዚህ አውሮፕላን ያላችሁን ፎቶ ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ትንንሽ ሙዚየሞች የሚሠሩት በበጎ ፈቃደኞች ነው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ የሳምንት ሥራ ነው። በአንድ ደብዳቤ አንድ ነገር ይጠይቁ። የመለያ ቁጥሩን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ማየት የሚፈልጉትን የአውሮፕላን ክፍል፣ ፎቶውን ለምን እንደሚፈልጉት (ለግል ጥናት ወይስ ለሕትመት) በአምስት መስመር ይጻፉ። ካገኙት ፎቶ ትንሽ ቅጂ አያይዘው «የዚህ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ኔጌቲቮች አሉ?» ቢሉ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። የፋብሪካ ፎቶ አንሺ አንድ ቀን ወጥቶ አንድ ፎቶ ብቻ አንሥቶ አይመለስም፤ 4417 ካለ 4416ና 4418 ይኖራሉ። አራትና አምስት ሳምንት ይታገሡ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በትሕትና ያስታውሱ።

ከኪው ከርቀት ለማዘዝ መጀመሪያ በክፍያ መዝገቡን እንዲያዩልዎና የገጹን ቁጥር እንዲነግሩዎ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የቅጂው ዋጋ ይላክልዎታል። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ እሱን አስቀድመው ያዘጋጁ። ሲያዝዙ «ፎቶግራፍ ያለባቸው ገጾች በባለቀለም ወይም በግራጫ ዲጂታል ስካን ይሁኑልኝ» ብለው ይጻፉ። ይህን ካልጻፉ ለጽሑፍ የተስተካከለ ጥቁርና ነጭ ቅጂ ሊመጣ ይችላል፤ ጽሑፉ ያምራል፣ ፎቶው ግን ከሰል ይሆናል።

ለንደን ዘመድ ካለዎት በራሱ መታወቂያ ገብቶ ማንሣት ይችላል። የአንባቢ መታወቂያው የግል ነው፣ በእርስዎ ስም ሊገባ አይችልም። እርስዎ ከዚህ ሆነው የመዝገብ ቁጥሮቹን ከዲስከቨሪ ላይ ለቅመው ይላኩለት፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነው፣ ከሁሉም ሀገር በነጻ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሳውንደርስ-ሮ ኤስአር.177 ሲበር የሚያሳይ ፎቶ አይቻለሁ። ጓደኛዬ «ውሸት ነው» ይለኛል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጓደኛዎ። ከኤስአር.177 አንድም ተጠናቅቆ አልበረረም፤ የ1957ቱ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስትር የዱንካን ሳንዲስ የመከላከያ ሰነድ ከመታቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። ያዩት ምናልባት ከሱ በፊት የመጣው አነስተኛው ኤስአር.53 ነው። እሱ ሁለት ተሠርቷል። ኤክስዲ145 ግንቦት 16 ቀን 1957 በረረ፤ አሁን በኮስፈርድ ሙዚየም አለ። ኤክስዲ151 በታኅሣሥ 1957 በረረ፣ ሰኔ 5 ቀን 1958 ቦስኮም ዳውን ላይ ሲነሣ ተከስክሶ አብራሪው ጆን ቡዝ ሞተ።

በዓይን ለመለየት አፍንጫውን ይዩ። የኤስአር.53 አፍንጫ ድፍን ሹል ነው፣ አየር የሚገባው ከአብራሪው ኋላ በትከሻው ላይ ነው። ኤስአር.177 የታቀደው ከአገጩ ሥር ትልቅ አፍ ይዞ ነው። ጅራቱ ላይ ኤስአር.53 ሁለት ቀዳዳ አንዱ በአንዱ ላይ አለው፤ ላይኛው የቫይፐር ጄት፣ ታችኛው የስፔክተር ሮኬት ነው። ከአገጩ አፍ ያለው አውሮፕላን በደመና መካከል ሲበር ካዩ ሥዕል ወይም የሞዴል ፎቶ ነው።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ጨረታ «የ1947 ዋና ፎቶ» ተብሎ የተሸጠልኝ የቲጂ263 ፎቶ እውነት የዚያን ዘመን መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ አራት ነገር ያድርጉ፤ አንዱም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

በ10 እጥፍ ማጉያ ይመልከቱት። በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካዩ ከመጽሔት የተወሰደ ሕትመት ነው። የተበተነ የቀለም ብናኝ ከሆነ የኮምፒዩተር ፕሪንተር ነው። የእውነተኛ ፎቶ ጥላ ያለ ነጠብጣብ ቀስ እያለ ይለወጣል።

ከዚያ ክፍሉን አጨልመው የብር ኖት መፈተሻ መብራት ያብሩበት። የፎቶ ወረቀት ውስጥ ነጭ ማድመቂያ ኬሚካል መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ በ1947 አልታተመም። ማነጻጸሪያ እንዲሆንዎ አጠገቡ አንድ ዘመናዊ የቢሮ ወረቀት ያስቀምጡ፤ እሱ ሲያበራ ፎቶው ደብዝዞ ከቀረ ጥሩ ምልክት ነው። አለማብራቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ሁሉም የኋላ ወረቀት ማድመቂያ የለውምና።

ጀርባውን ይዳስሱ። የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ልስላሴ ከተሰማዎ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ወረቀት ነው። የዚያን ዘመን ወረቀት ጀርባው ተራ ወረቀት ይመስላል፣ ጠርዙም ወደ ምስሉ ይጠቀለላል። በመጨረሻ ጀርባው ላይ ያለውን ማኅተም የእጅ ባትሪ በጎን አስተኝተው ያንብቡ። ደብዝዞ የጠፋ የኔጌቲቭ ቁጥር በእርሳስ የተጫነበት ቦታ እንደ ጥልቅ መስመር ብቅ ይላል። ለጨረታ የሚጽፉ ሰዎች የጀርባውን ፎቶ የማያሳዩ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ለፎቶ ፈላጊ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይናገራል። ደግሞም የኋላ ቅጂ ነው ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ከዋናው ኔጌቲቭ የታተመ ፎቶ በ1947 ከታተመ ደብዛዛ ቅጂ የበለጠ ዝርዝር ሊያሳይ ይችላል፤ የከፈሉት ዋጋ ግን የተለየ መሆን ነበረበት።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ፎቶ በጽሑፌ ውስጥ ላትመው? ፎቶውን ገዝቼዋለሁ።

መልስ፦ ወረቀቱን ገዙ እንጂ መብቱን አልገዙም። በብሪታንያ ሕግ መጀመሪያ ማን እንዳነሣው ይለዩ። ጀርባው ላይ የዘውድ (ማለትም የመንግሥት) የቅጂ መብት የሚል ማኅተም ካለና ፎቶው ከሰኔ 1 ቀን 1957 በፊት ከተነሣ፣ መብቱ 50 ዓመት ብቻ ስለነበረ አልቋል። የኤስአር.ኤ/1 የመንግሥት ፎቶዎች በሙሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። ኤስአር.53 ግን ድንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ በግንቦት 16ቱ የመጀመሪያ በረራ የተነሣው የመንግሥት ፎቶ ነጻ ነው፣ ከሰኔ 1 ጀምሮ ለተነሣው ግን ጊዜው የሚቆጠረው በሌላ ደንብ ነው፣ መታተም አለመታተሙም ይታያል።

የፋብሪካ ወይም የግል ፎቶ ከሆነ አንሺው በታወቀበት ሁኔታ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የ1948 የግል ፎቶ ዛሬም መብት ሊኖረው ይችላል። አንሺው ወይም ወራሹ በትጋት ተፈልጎ ካልተገኘ፣ የብሪታንያ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ባለቤታቸው ላልተገኘ ሥራዎች በክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። ለማመልከት የት የት እንደፈለጉ ማሳየት ስላለብዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፉትን ደብዳቤ፣ ቀኑንና የተሰጠዎትን መልስ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ።